«ኮንሰንት» ስምምነት ነውን? ስለ ግላዊነት፣ ስለ ፈቃድና ስለ ሕግ የእንግሊዝኛ ቃላት አስተማማር የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም ትምህርቶች የሚሰጡበት ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በተማሪው አእምሮ ውስጥ በተሳሳተ ፍቺ ከተተከለ ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተወስኖ አይቀርም። በሥነ ዜጋም፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂም ትምህርት ተከትሎት ይሄዳል። ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላም በስልኩ መስታወት ላይ አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር ያው የተሳሳተ ፍቺ አብሮት ይኖራል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት ስለ ሰው የሚሰበሰበውን መረጃ፣ ስለዚሁ መረጃ የሚሰጠውን ፈቃድና ጉዳዩን የሚገዛውን ሕግ ለመናገር የሚያገለግሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። እነዚህ ቃላት ቀስ በቀስ ወደ መማሪያ ክፍል እየገቡ ናቸው። መግባታቸው መልካም ነው። የጸሐፊው ወቀሳ የሚያነጣጥረው በሚገቡበት መንገድ ላይ ነው። ቃላቱ ዛሬ በሚሰጡበት ዓይነት መሰጠታቸው ተማሪውን ይበልጥ ዐዋቂ ከማድረግ ይልቅ ያወቀ እንዲመስለው ያደርገዋል የሚለው ሐሳብ የዚህ ሂስ ፍሬ ነገር ነው።

የቃላት ዝርዝር ልማድና ጉድለቱ

የውጭ ቋንቋ ቃላትን የማስተማር የቆየ ልማዳችን የዝርዝር ልማድ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በአንድ መሥመር ለሁለት ይከፍለዋል። በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛውን ፍቺ ይጽፋል። ተማሪዎች ይገለብጣሉ፤ ያጠናሉ፤ በፈተናም ጊዜ «በሀ ሥር ያሉትን በለ ሥር ካሉት ጋር አዛምድ» የሚለውን ትእዛዝ አይተው ያዛምዳሉ። ይህ ልማድ ለጠረጴዛ፣ ለወንበር፣ ለዝሆንና ለወንዝ አገልግሏል። የሚጨበጥ ነገር ስም በሁለት ቋንቋዎች መካከል አንድ ለአንድ ቢዛመድ ብዙ ችግር አይፈጥርም።

የሕግና የመብት ቃላት ግን እንደዚህ አይደሉም። በዚሁ ልማድ መሠረት ሊጻፍ የሚችለውን ዝርዝር እንመልከት። «ፕራይቬሲ» ምሥጢር፤ «ኮንሰንት» ስምምነት፤ «አግሪመንት» ስምምነት፤ «ፐርሚሽን» ፈቃድ፤ «ላይሰንስ» ፈቃድ፤ «ዳታ» መረጃ፤ «ኢንፎርሜሽን» መረጃ። በግራ በኩል ሰባት ቃላት አሉ። በቀኝ በኩል ግን አራት ብቻ ሆነዋል። ሦስቱ ወዴት ገቡ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ በሰረዙ ላይ ሲሻገር ወድቆ ቀርቷል። የዚህ ትምህርት ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ያ የወደቀው ልዩነት ነው።

ጥፋቱ የአማርኛ ቋንቋ ድህነት ነው ብሎ ማሳበብ ተገቢ አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ እንደምናየው አማርኛ ልዩነቱን ለመግለጽ የሚበቃ ሀብት አለው። የጎደለው በአንድ ቃል ፈንታ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በአንድ ፍቺ ፈንታ በአንድ ሁኔታ የማስተማር ትዕግሥት ነው።

ስለ ግላዊነት

«ፕራይቬሲ»ን «ምሥጢር» ብሎ ማስተማር ከሁሉ የተለመደው ስሕተት ነው። ምሥጢር ሰው እንዳያውቀው የተሸሸገ ነገር ነው። እንግሊዝኛውም ለዚህ «ሲክሬት» የሚል ሌላ ቃል አለው። ግላዊነት ግን ከመሸሸግ ጋር የግድ የተሳሰረ አይደለም።

ለመምህራን ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንውሰድ። የአንዲት ተማሪ የሒሳብ ውጤት ምሥጢር አይደለም። መምህሯ ያውቀዋል፤ የክፍሉ ኃላፊ ያውቀዋል፤ ወላጆቿም ካርዱን አይተውና ፈርመው ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ ውጤቱ ከነስሟና ከነደረጃዋ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ አንድ አላፊ አግዳሚ በስልኩ ፎቶግራፍ ቢያነሣውና በቴሌግራም ቢያሠራጨው፣ ልጅቷ የምትጎዳው ስለ ምንድን ነው? የወጣ ምሥጢር የለም። የተጣሰው የእርሷን ነገር ማን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ እንደሚያየው የመወሰን ድርሻዋ ነው። እንግሊዝኛው «ፕራይቬሲ» የሚለው ይህንን ነው።

የቃሉ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1890 ዋረንና ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕግ ሰዎች በሐርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ስለዚህ መብት ታዋቂ ጽሑፍ ሲያወጡ ያሳሰባቸው የጋዜጦች ድፍረትና በቅጽበት ፎቶግራፍ የሚያነሣው የዚያ ዘመን አዲስ መሣሪያ ነበር። የሰው ፊት ምሥጢር አይደለም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ቢሆንም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ተነሥቶ መታተሙ በደል ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የምዕራብ ጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሕዝብ ቆጠራ ሕግ ላይ በሰጠው ውሳኔ ሰው ስለ ራሱ የሚሰበሰበውን መረጃ አጠቃቀም ራሱ የመወሰን መብት እንዳለው አስታወቀ። በሁለቱም ላይ የተነሣው ጥያቄ የውሳኔው ባለቤት ማን ነው የሚል ነበር።

ይህ ሐሳብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ደንግጓል። በአንቀጽ 31 ደግሞ ለደብዳቤ ጥበቃ አድርጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 26ን ለግል ሕይወት መከበርና መጠበቅ ሰጥቶታል። ስለዚህ «ግላዊነት» የሚለው ቃል በሕጋችን መሠረት ያለው ሲሆን፣ መምህሩ በድፍረት ሊጠቀምበት ይገባል።

ከዚህ ስሕተት የሚመጣው ጉዳት የቋንቋ ጉዳት ብቻ አይደለም። ግላዊነት ማለት ምሥጢር ነው ተብሎ የተማረ ወጣት «የምደብቀው ነገር ከሌለኝ ምን ቸገረኝ?» ብሎ ይደመድማል። አመክንዮው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። መነሻውን ያቀበልነው ግን እኛ በሰሌዳው ቀኝ በኩል ነው።

ስለ «ኮንሰንት»

በርእሳችን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። «ኮንሰንት»ን «ስምምነት» ብሎ መፍታት ለምን ያሳስታል? ስምምነት ሁለት ወገኖች ተነጋግረው፣ ሰጥተው ተቀብለው የሚደርሱበት ነው። ሁለቱም ይታሠሩበታል፤ አንደኛው ብቻውን ተነሥቶ «ትቼዋለሁ» ሊል አይችልም። ኮንሰንት ግን ከአንድ ወገን የሚወጣ ቃል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣውና እ.ኤ.አ. ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 7 መሠረት ሰጪው በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊያነሣው ይችላል። ማንሣቱም መስጠቱን ያህል ቀላል መሆን አለበት። «ስምምነት» ብሎ የተማረ ተማሪ ይህን መብቱን ሊገምት አይችልም። አንድ ጊዜ «እሺ» ካለ የታሠረ ይመስለዋል።

«ፈቃድ» የሚለው ቃል የተሻለ ነው። ነገር ግን እርሱም ያለ ማብራሪያ ከተሰጠ ሌላ አደጋ አለው። በግዕዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ሲሆን፣ «ፈቃድ»ም ከሰው ልብ የሚመነጭ ውዴታን ያመለክታል። «በገዛ ፈቃዱ» ስንል፣ «ፈቃደኛ ነው» ስንል ይህ ጥንታዊ ፍቺ ሕያው ነው። በቢሮ ቋንቋ ግን ቃሉ አቅጣጫውን ለውጧል። መንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ ስንል ታናሹ ጠያቂ፣ ታላቁ ሰጪ ነው። ፈቃድ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ሆኗል። ተማሪውም ከክፍል ለመውጣት እጁን አንሥቶ የሚጠይቀው ፈቃድ ይህንኑ ዓይነት ነው።

በኮንሰንት ላይ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። ጠያቂው ታላቁ ድርጅት ነው፤ ሰጪው ተጠቃሚው ግለሰብ ነው። ስለዚህ መምህሩ «ኮንሰንት ማለት ፈቃድ ነው» ብሎ ቢያልፍ፣ ተማሪው የስልኩን መተግበሪያ ሲከፍት ፈቃድ ጠያቂው እርሱ ራሱ፣ ሰጪው ድርጅቱ እንደሆነ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥም ብዙ ሰው ይህን ቁልፍ የሚነካው «ለመግባት ይፈቀድልኝ» በሚል ስሜት ነው። ቋንቋው ካልተቃና ስሜቱ አይቃናም።

የአውሮፓው ደንብ ለኮንሰንት አራት ባሕርያትን ይዘረዝራል። በነጻነት የተሰጠ፣ ለተለየ ጉዳይ የተሰጠ፣ ሰጪው ዐውቆ የሰጠው እንዲሁም በማያሻማ አኳኋን የተገለጠ መሆን አለበት። እነዚህን አራት ቅጽሎች በቃል ማስጠናት ይቻላል፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነው። ይልቁንም እያንዳንዱን በተቃራኒው ማሳየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1 ቀን 2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፕላኔት 49 የተባለ የጀርመን ድርጅትን በሚመለከት የሰጠው ውሳኔ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በድርጅቱ ገጽ ላይ የፈቃዱ ሣጥን አስቀድሞ የራይት ምልክት ተደርጎበት ይጠብቅ ነበር። ተጠቃሚው ዝም ብሎ ካለፈ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ይህ ፈቃድ አይባልም አለ። አማርኛችን «ዝምታ እንደ መስማማት ይቆጠራል» ሲል ለሰማ ተማሪ ይህ ውሳኔ ብርቱ የመወያያ ርእስ ይሆናል። ዝምታ የት ቦታ መስማማት ነው? የትስ ቦታ አይደለም?

ማንበብ የማይችል ሰው ሌላ ሰው ባነበበለት ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚያሳርፍበትን ሥርዓት ብዙዎቻችን አይተናል። የወረቀቱ ፍሬ ነገር በአንባቢው ታማኝነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የመሠረተ ትምህርት አንዱ ዓላማ ሰውን ከዚህ ጥገኝነት ማላቀቅ መሆኑን እናስታውሳለን። ዛሬ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ረጅም ውል ሳያነብ «አይ አግሪ» የሚለውን ቁልፍ በዚያው አውራ ጣቱ የሚነካው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ ወረቀት ምን ያህል ርቋል?

ስለ «ዳታ»፣ ስለ «ሰብጀክት» እና ስለ «ኮንትሮለር»

«ዳታ»ንም «ኢንፎርሜሽን»ንም «መረጃ» ብሎ መተርጐም በብዙ ቦታ አይጎዳም። በዚህ ጉዳይ ግን ይጎዳል። አንድ ስልክ በየሌሊቱ የሚያድርበት ቦታ የቁጥሮች ረድፍ ነው፤ ይህ ዳታ ነው። ከዚያ ረድፍ የስልኩ ባለቤት የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ መቼ እንደታመመ ማወቅ ይቻላል፤ ይህ ኢንፎርሜሽን ነው። ሰው የመጀመሪያውን ሲሰጥ ሁለተኛውን እንደ ሰጠ አያውቅም። ሁለቱ ቃላት በአንድ የአማርኛ ቃል ሲጠቀለሉ ይህ ሽግግር ከተማሪው ዐይን ይሰወራል። የአገራችን ሕግ አውጪ «የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016» ብሎ «ዳታ» የሚለውን የተውሶ ቃል እንዳለ መጠቀሙ ጸሐፊውን ደስ አሰኝቶታል። የተውሶ ቃል አንዳንድ ጊዜ ከተሳሳተ ትርጉም ይሻላል።

«ዳታ ፕሮቴክሽን» የሚለው ሐረግ ራሱም ሂስ ሊቀርብበት ይገባል። ቃል በቃል ከተወሰደ የሚጠበቀው ዳታው ነው፤ ልክ ዕቃ በመጋዘን እንደሚጠበቅ። ሕጉ የሚጠብቀው ግን ሰውን ነው። በዚህ መስክ ቀዳሚ ሕግ ያወጣችው የጀርመን ግዛት ሄሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ስሙን እንዲህ ካወጣች ወዲህ ሐረጉ በየቋንቋው ገብቶ ቀርቷል። መምህሩ ስሙን ሊለውጥ አይችልም። «የሚጠበቀው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል።

«ዳታ ሰብጀክት» የሚለው ሐረግ ከሁሉ የከፋ ግራ መጋባትን ያስከትላል። ተማሪው «ሰብጀክት»ን በሦስት መልክ ያውቀዋል፤ የትምህርት ዓይነት፣ የዐረፍተ ነገር ባለቤትና የጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ። ከእነዚህ አንዱም እዚህ አይሠራም። በሕጉ ቋንቋ ዳታ ሰብጀክት ማለት መረጃው የሚናገርለት ሰው ነው። በሰዋስው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ድርጊቱን የሚፈጽመው ሲሆን፣ በዚህ ጉዳይ ግን ድርጊቱ የሚፈጸምበት እርሱ መሆኑን ማነጻጸር ለክፍል ውይይት የሚስብ ነው።

«ኮንትሮለር»ን በተመለከተም «ተቆጣጣሪ» የሚለው ፍቺ ነገሩን ሊገለብጠው ይችላል። በአማርኛ ተቆጣጣሪ ማለት ሥራው በደንቡ መሠረት መሠራቱን የሚመለከት፣ ጥፋት ሲያገኝ የሚጠይቅ ሹም ነው። ዳታ ኮንትሮለር ግን መረጃው ለምን ዓላማና እንዴት እንደሚሠራበት የሚወስነው ድርጅት ነው። ስለዚህም በሕግ ፊት ተጠያቂው እርሱ ነው። ተማሪው «ተቆጣጣሪ» ሲባል ጠባቂውን ያስባል፤ ሕጉ ግን የሚናገረው ሊጠበቅ ስለሚገባው አካል ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በአንድ መሥመር ፍቺ ማለፍ ባያስተምሩት ይሻላል የሚያሰኝ ነው።

ቀላል ስለሚመስሉት ቃላት

እስከ አሁን የተመለከትናቸው ቃላት ከባድ መሆናቸውን ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ መምህሩ ይጠነቀቅባቸዋል። ይበልጥ አደገኞቹ ግን ማንም የማይጠነቀቅባቸው፣ ተማሪው ከዝቅተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው።

«ሜይ» የሚለውን ረዳት ግሥ እንውሰድ። ተማሪው የሚያውቀው «ምናልባት ሊዘንብ ይችላል» በሚለው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው። በድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ ግን «ዊ ሜይ ሼር ዩር ዳታ ዊዝ አወር ፓርትነርስ» የሚል ያነባል። ባወቀው ፍቺ ከተረጐመው «ምናልባት እናካፍል ይሆናል» ይሆንለታል፤ ምናልባት ደግሞ ላይሆን ይችላል ብሎ ያልፋል። በውል ቋንቋ ግን ዐረፍተ ነገሩ «የማካፈል ሥልጣን አለን፤ አንተም ይህን ተቀብለሃል» ማለት ነው። ግሡ ጥርጣሬን ሳይሆን ሥልጣንን ይገልጣል። በአንድ ረዳት ግሥ ምክንያት የሰው መብት ሳይታወቅ ያልፋል።

በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ሼር» የሚለው ቃል አለ። ሕፃናት ዳቦ ሲካፈሉ የሚባለው ይህ ቃል ደግነትን ያሰማል። ዳቦ ሲካፈል ግን የሰጪው ድርሻ ይቀንሳል፤ የራሱን ስለሚሰጥ ደግ ይባላል። ድርጅቱ የሚያካፍለው የራሱን አይደለም፤ የሰውን ነው። አማርኛችን በሰው ገንዘብ ለጋስ የሚሆነውን ሰው ምን እንደሚለው ተማሪዎችን መጠየቅ በቂ ነው። «ፓርትነር» የሚለውም የወዳጅነት ስሜት ያለው ሲሆን፣ በዚህ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ተጠቃሚው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን ሦስተኛ ወገን ነው።

«ፍሪ» የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ወጥመድ አለው። «ነጻ» ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ «ነጻ» ያለ ግዳጅ ማለትም ነው። «ያለ ክፍያ» የተባለው አገልግሎት መረጃህን ካልሰጠህ አትገባም የሚል ከሆነ በሁለተኛው ፍቺ ነጻ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ለማንሣት አዲስ ቃል ማስጠናት አያስፈልግም። ተማሪው የሚያውቀውን ቃል ሁለት ጊዜ እንዲያይ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

በመጨረሻም ተገብሮ ግሥ አለ። «ዳታ ይሰበሰባል፤ ይከማቻል፤ ይተነተናል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ሰብሳቢውን ይሰውራሉ። ተገብሮውን ወደ አድራጊ መለወጥ መምህራኖቻችን ለዘመናት ሲያሠሩት የኖሩት መልመጃ ነው። ተማሪው ይህንኑ የቆየ መልመጃ በእንዲህ ያሉ ዐረፍተ ነገሮች ላይ ቢሠራ «ማን ይሰበስባል?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። መልሱን በገጹ ላይ ሲያጣ ሰዋስው ለምን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ይገባዋል።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የእንግሊዝኛ መምህር የሕግ መምህር አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን መምህሩ «ኮንሰንት – ስምምነት» ብሎ በጻፈ ጊዜ ሕግ ማስተማር ጀምሯል፤ ያውም በስሕተት። ቃሉን ሲነካ ጉዳዩን ነክቷል። የሚጠየቀው የሕግ ሊቅ እንዲሆን ሳይሆን ያልተጣራ ፍቺ እንዳይሰጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ የገጠር ተማሪዎች ዘመናዊ ስልክ ስለሌላቸው ነገሩ የከተማ ጉዳይ ነው የሚል ነው። ሆኖም ስልክ የሌለው ሰው ስለ እርሱ የተመዘገበ ዳታ የለም ማለት አይደለም። ስሙ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ፣ በብድርና ቁጠባ ማኅበር ሰነድ ውስጥ ይገኛል፤ እነዚህም ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ናቸው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህም ፋይዳ የተባለው መታወቂያ የጣት አሻራንና የዐይን ምስልን ጨምሮ የግለሰቡን ዳታ ይመዘግባል። ስለ ራሱ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ የሚጠየቅበትን ቃል ማወቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ነው። ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ሰዎች እንኳ እነዚህን ውሎች አያነቡም፤ ታዲያ የእኛ ተማሪ ቃላቱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ባቀረቡት ግምት አንድ ሰው በዓመት ውስጥ የሚጎበኛቸውን ገጾች የግላዊነት ማስታወቂያ ሁሉ ቢያነብ ወደ 200 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህን ማስተባበል አይቻልም። የቃላት ትምህርት ብቻውን ማንንም አይጠብቅም፤ ጠባቂው ሕጉና ሕጉን የሚያስፈጽመው አካል ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። የተበደለበትን ነገር ስም የማያውቅ ሰው ደግሞ አቤቱታውን በምን ቃል ይጽፋል? የትምህርታችን ግብ ተማሪው ውሉን ሁሉ እንዲያነብ ማድረግ ሳይሆን፣ በደል ሲደርስበት በስሙ ሊጠራው እንዲችል ማድረግ ነው።

የመፍትሔ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ የቀረበው ሂስ ለነቀፋ ያህል ብቻ እንዳይሆን ጥቂት ተግባራዊ ሐሳቦችን ማቅረብ ያስፈልጋል።

1. እያንዳንዱ ቃል በሦስት ጥያቄዎች ታጅቦ ይሰጥ፤ ማን ይጠይቃል? ማን ይሰጣል? ማን መልሶ ሊያነሣው ይችላል? ኮንሰንት፣ ላይሰንስና አግሪመንት በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተለያይተው ሊታዩ ይችላሉ።

2. ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ለመማሪያነት ይዋል። አዋጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን እየታተሙ ስለሚወጡ ከዚህ የተሻለ የሁለት ቋንቋ መማሪያ ያለ ዋጋ አይገኝም። ከአዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንድ አንቀጽ መርጦ ሁለቱን ዓምዶች ማነጻጸር፣ የት ቦታ እንደሚገጥሙና የት ቦታ እንደሚለያዩ መመርመር ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሚመጥን ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ልዩነት ሲገኝ የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና እንዳለውም ተማሪዎች ሊያውቁ ይገባል። የአማርኛ ቃል ምርጫ የመብት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

3. የማዛመድ ፈተና በሁኔታ ፈተና ይተካ። ለምሳሌ፦ «አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ፎቶግራፍ ለመታወቂያ ካርድ አነሣ። ከወር በኋላ ያንኑ ፎቶግራፍ ለማስታወቂያ ተጠቀመበት። ወላጆች ፈቃድ ሰጥተዋልን? ለምን ጉዳይ? ኮንሰንት የሚለውን ቃል በመጠቀም በሦስት ዐረፍተ ነገሮች መልስ።» ይህን የመለሰ ተማሪ ቃሉን ዐውቆታል። ሰረዝ ያገናኘ ተማሪ ግን ሰረዝ ከማገናኘት በስተቀር ያሳየው ነገር የለም።

4. የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች በእንግሊዝኛ፣ በሥነ ዜጋና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መጻሕፍት ውስጥ የእነዚህ ቃላት አፈታት አንድ ወጥ እንዲሆን ያድርጉ። አንዱ መጽሐፍ «ምሥጢር»፣ ሌላው «ግላዊነት»፣ ሦስተኛው «የግል ነጻነት» የሚል ከሆነ ተማሪው ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተማረ ይመስለዋል።

5. ትምህርት ቤቱ ራሱ ምሳሌ ይሁን። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ የፕራይቬሲን ፍቺ ያስተማረ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቹን ውጤት ከነስማቸው በአደባባይ ከለጠፈ፣ ተማሪው የሚያምነው የሰሌዳውን ፍቺ ሳይሆን የግድግዳውን ነው።

ማጠቃለያ

የቃላት ትምህርት ዝቅተኛ ሥራ ተደርጎ በሚታይበት ጊዜ መምህሩ ራሱን የዝርዝር ጸሐፊ አድርጎ ይቈጥራል። እነዚህ ጥቂት ቃላት ግን ሥራው ዝቅተኛ አለመሆኑን ያሳያሉ። በ«ፈቃድ» እና በ«ስምምነት» መካከል ያለው ልዩነት «እምቢ» ለማለት በሚችል ሰውና የታሠረ በሚመስለው ሰው መካከል ያለ ልዩነት ነው። በ«ግላዊነት» እና በ«ምሥጢር» መካከል ያለው ልዩነትም ክብሩን በሚጠይቅ ሰውና «የምደብቀው የለኝም» ብሎ ራሱን አሳልፎ በሚሰጥ ሰው መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለዚህ በርእሱ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ «አይደለም» የሚል ነው። ኮንሰንት ስምምነት አይደለም፤ ከላይ የሚወርድ ፈቃድም አይደለም። ዐውቆና ወዶ የሚሰጡት፣ ባሰኘም ጊዜ የሚያነሡት የራስ ፈቃድ ነው። በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ሰሌዳውን ለሁለት የሚከፍለውን መሥመር ለማስመር ጠመኔ የሚያነሣ መምህር፣ ከማስመሩ በፊት በመሥመሩ ላይ ምን እንደሚወድቅ አንድ ጊዜ ቢያስብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተፈጽሟል።